መጀመሪያ «ተው» የሚልህን ፈልግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 29 ሲሆን ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከዓመት በፊት ጭንቀት ሲበረታብኝ ቻይናውያን ቺጎንግ የሚሉትን የውስጥ ጉልበት ልምምድ በቪዲዮ እያየሁ ጀመርኩ። አሁን ከሦስት መምህራን የቀሰምኳቸው ሦስት ዘዴዎች አሉኝ። ጠዋት እንደ ዛፍ እቆማለሁ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ እንዳለሁ ፈጣኑን አተነፋፈስ እሠራለሁ። ማታ ደግሞ ጉልበትን በጀርባ አጥንት አውጥቶ በደረት በኩል የሚያወርደውን «ትንሹ የሰማይ ዙር» እለማመዳለሁ። መዳፌ ይሞቃል፣ ጣቶቼን ይነዝረኛል። ከሁለት ወር ወዲህ ግን አናቴ ላይ ግለት ይሰማኛል፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ መምህር በሦስት ቀን ዙሩን እከፍትልሃለሁ፣ ክፍያው 15 ሺህ ብር ነው ብሎኛል። የቱን መምህር፣ የቱን ዘዴ ልምረጥ? ግለቱስ ጉልበቱ መነሣቱ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከመምህር ምርጫ የሚቀድም ነገር አለ። የማታውን ዙር ከዛሬ ጀምሮ አቁም። ነገ ወደ ሥራ ስትሄድ ጤና ጣቢያ ጎራ በልና የደም ግፊትህን ተለካ፤ እንቅልፍ ማጣትህንም ሳትደብቅ ለሐኪሙ ንገረው። ይህን የምለው ልምምዱን ጠልቼ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ግቢዬ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ሳልቆም የቀረሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የምለው አንተ ዛሬ ያለህበትን ቦታ ስለማውቀው ነው።

በ2006 ዓ.ም. አዲሱ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ከከተማችን ወጣ ባለ አንድ ካምፕ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ከቻይናውያኑ መካከል አንድ አረጋዊ ቀያሽ ነበሩ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የድሬ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከአጥሩ ጥግ ትልቅ ጋን እንዳቀፈ ሰው እጃቸውን አክብበው ይቆማሉ። ሌላ የሚያደርጉት ነገር የለም። ሁለት ሳምንት በሩቁ ካየኋቸው በኋላ ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ። የሚያውቁት አማርኛ አራት ቃል ነበር፤ «ና»፣ «ቀስ»፣ «ተው» እና «ጎበዝ»። በእኛ ቋንቋ ጉልበት የሚባለው የሚታጠፈውም የሚበረታውም ነው። እኔ የመጣሁት የሚበረታውን ፍለጋ ነበር፤ እሳቸው ግን ሦስት ወር ሙሉ ያስተማሩኝ የሚታጠፈውን ነው። የእጃቸውን ጀርባ ጉልበቴ ላይ አድርገው ከእግሬ ጣት እንዳያልፍ ወደ ኋላ ይገፉታል። ትከሻዬን በሁለት ጣት ነካ አድርገው ያወርዱታል። ግንባሬ ላይ ሥር ተገትሮ፣ ጥርሴን ነክሼ ስታገል ሲያዩ «ተው!» ይላሉ፤ ያን ቀን ልምምዱ በዚያው ያበቃል። አንድ ጊዜ በአስተርጓሚ በኩል «ቺን ማንቀሳቀስ መቼ ነው የሚያስተምሩኝ?» ብዬ አስጠየቅሁ፤ ቺ የሚሉት ያንኑ የውስጥ ጉልበት ነው። መልሳቸው «እግሩ ገና አልቆመም» የሚል ነበር።

ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ መቆሙ ብቻውን አነሰኝ። ከአንድ ሰው ያገኘሁትን የታተመ ወረቀት ይዤ ያንተኑ ትንሹን ዙር ጀመርኩ። ምላሴን ላንቃዬ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሆዴን ጨምቄ ሐሳቤን ከጅራት አጥንቴ ወደ አናቴ እጎትታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አናቴ ጋለ። ደስታዬን አልችለውም ነበር፤ ለባለቤቴ «መንገዱ ተከፈተ» አልኳት። እሷ ግን ሌሊት ሌሊት በረንዳ ላይ ስንቆራጠጥ ታይ ስለነበር እጄን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነርሷ ለክታ ዝም አለች፤ ከዚያ ሌላውን ክንዴን ደግማ ለካች። 178 በ110 ነበር። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚኖር በሽታ ስለሆነ ግለቱን ያመጣው ግፊቱ ይሁን ልምምዱ ሐኪሙ ቆርጦ አልነገረኝም። ትንፋሽ ይዞ ሆድን ማስጨነቅ ግፊትን እንደሚያንር ግን በማያሻማ ቃል ነግሮኛል። ያን ጊዜ የጀመርኩትን ኪኒን እስከ ዛሬ እወስዳለሁ፤ ቺጎንግ የኪኒኑን ቦታ ይተካል የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ከዚያ ሰው ራቅ።

የጣትህ መንዘር ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰው በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግሞ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከመጠን በላይ ይወጣል። ያኔ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይነዝራል፣ ራስም ይዞራል። ቺ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ቢያደርገውም ያው ነው። የመዳፍ ሙቀት ሌላ ነው፤ ሰውነት ሲረጋጋ የእጅ ደም ሥሮች ይሰፋሉና መልካም ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ይህም ገና ደጃፉ ላይ መድረስህን ብቻ ነው የሚነግርህ።

በርጫውን በተመለከተ ግን ልለማመጥህ አልፈልግም። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ ይሰፋል፣ ሰውነቱ ይቀላል፣ የተዘጋው ሁሉ የተከፈተ ይመስለዋል። እዚህ ያደግን ሰዎች ያንን ስሜት ከሕፃንነታችን ጀምሮ በአባቶቻችን ፊት ላይ አይተነዋል። ታዲያ በዚያ ሰዓት የመጣልህን ሙቀት ከቺ ለይተህ እንዴት ታውቀዋለህ? በቪዲዮ የምታየው መምህር ጫት ምን እንደሆነ አያውቅምና አያስጠነቅቅህም። ስለዚህ በርጫና ልምምድን በአንድ ቀን አታገናኝ፤ በተለይ ትንፋሽ ያለበትን።

አሁን ወደ ዘዴው እንምጣ። ቻይናውያን ውስጣዊውን መንገድ ነይዳን ይሉታል፤ በሰውነት ውስጥ መድኃኒት መቀመም እንደማለት ነው። ቀድሞ የሚቀመመው በእውነተኛ ምድጃ ላይ ነበር። የማይሞት ሕይወት ፍለጋ ሜርኩሪና እርሳስ ያለበት መድኃኒት ተጠጥቷል፤ ከታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሦች መካከል በዚህ መርዝ የሞቱ አሉ። የውስጡን መንገድ የያዙት ሊቃውንት ምድጃ፣ ድስት፣ እርሳስ፣ ሜርኩሪ የሚሉትን ቃላት ሳይለውጡ ወሰዷቸው፤ የሚያመለክቱት ግን በሰው ውስጥ ያለውን ነው። የጻፉትም ሆን ብለው በምሥጢር ቃል፣ ፍቺው ከመምህር አፍ እንዲሰማ ነው። እኔ በአንዲት ወረቀት ተማምኜ የገባሁበት ስሕተት ይኸው ነበር። በዚህ ጥበብ ውስጥ ትልቁ ነገር የእሳት መጠን ነው፤ ለስላሳ እሳት አለ፣ ብርቱ እሳት አለ። ቤታችን ውስጥ የምናውቀው ነገር ነው፦ ምጣዱ ካልሰማ እንጀራው ይለጠፋል፣ እሳቱ ሲበዛበት ደግሞ ያርራል። ዱቄቱም ውኃውም ያው ሆኖ። እሳቱ ልኩን ሲስት የሚመጣውን መታወክ ቻይናውያን ራሳቸው «እሳቱ ሳተ፣ ጋኔን ገባ» ብለው ስም ሰጥተውታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የበሽታዎች መመሪያ ውስጥ ከቺጎንግ ልምምድ ጋር የሚመጣ የአእምሮ መታወክን መዝግቧል። እንቅልፍ ማጣትህን አቅልለህ እንዳታየው ይህን ነገርኩህ።

ዘዴዎቹ መነሻቸው አንድ አይደለም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከዣንግ ቦዱዋን የሚነሣው የደቡቡ ሐረግ ከሰውነትና ከሕይወት ኃይል ጀምሮ ወደ ልቡና ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1170 ያረፈው የዋንግ ቾንግያንግ የሰሜኑ ሐረግ ደግሞ መጀመሪያ ልቡናን ያረጋጋል፣ ሰውነት ይከተላል። አንዱን ከሌላው አላስበልጥም። በሁለቱም ብዙ ሰው ረጅም ዕድሜ ኖሯል፣ መልካም ሰውም ሆኗል። ነገር ግን ጠዋት በአንዱ መነሻ፣ ማታ በሌላው መሄድ አይሆንም፤ ሲያምምህ እንኳን ያመመህ የቱ እንደሆነ አታውቀውም። አሁን የደረሰብህ ይኸው አይደል?

ያ የሦስት ቀን ነገር ደግሞ በጣም አሳዘነኝ። የነይዳን ሰዎች የራሳቸው ቆጠራ አላቸው፤ መሠረት ለመጣል መቶ ቀን፣ እንደ ፅንስ ለመሸከም አሥር ወር፣ ለማጥባት ሦስት ዓመት፣ ግድግዳ ፊት ለመቀመጥ ዘጠኝ ዓመት ይላሉ። ቁጥሩ ምሳሌያዊ ነው ብትል እንኳን በሦስት ቀን የሚል የለበትም። እኔ ብሆን 15 ሺህ ብሩን አልከፍልም።

የመምህርን ልክ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሰው አለ። የሰሜኑ ሐረግ ሊቅ ቺዩ ቹጂ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ የሞንጎሎች ገዥ ጀንጊስ ካን አስጠራው። ከሻንዶንግ ተነሥቶ እስከ ሂንዱ ኩሽ ተራሮች ተጓዘና እ.ኤ.አ. በ1222 ከካኑ ፊት ቀረበ። ካኑ የጠየቀው የማያስሞት መድኃኒት ይዞለት እንደመጣ ነበር። ቺዩ ዕድሜን የሚጠብቅ መንገድ እንዳለ፣ የማያስሞት መድኃኒት ግን እንደሌለ ነገረው። አገር ሲያጠፋ የከረመ፣ የፈለገውን መክፈል የሚችል ሰው ፊት ቆሞ «የለም» ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስበው። ካኑም አከበረው።

እንግዲህ የአዲስ አበባውን ሰው አግኝተህ ጠይቀው። አምስት ዓመት ከእርስዎ ጋር የቆየ ተማሪ ላነጋግር በለው፤ ካገኘኸውም ስለ ቺ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቀው። ይህ ልምምድ የማይስማማው ሰው ማን ነው ብለህም ጠይቅ፤ «ለሁሉም ይስማማል» ካለህ ተነሣ። ከሁሉ በላይ ግን፣ እሱ አንተን ምን ጠየቀህ? በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ጤናህ፣ ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ጫትህ አንድ ጥያቄ እንደጠየቀህ አላየሁም። የጠየቀህ ገንዘብ ነው።

ሐኪሙ ምንም ችግር የለም ካለህና እንቅልፍህ ከተመለሰ ከሦስቱ ውስጥ የጠዋቱን መቆም ብቻ ያዝ። በአምስት ደቂቃ ጀምር፣ በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ደቂቃ ጨምር፣ ከሃያ አትለፍ። ትንፋሽህን በራሱ ተወው። እንቅስቃሴ ካማረህ ባዱዋንጂን የሚባሉትን ስምንት እንቅስቃሴዎች ጨምርበት። የቻይና ስፖርት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥ አድርጎ ካሰናዳቸው አራት ልምምዶች አንዱ ስለሆነ በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የምታገኘው፤ መምህር አጠገቡ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። መቶ ቀን በዚህ ቆይ። በየቀኑ በደብተር ላይ ሁለት ነገር ጻፍ፦ ስንት ሰዓት እንደተኛህ፣ ምን ያህል እንደቆምክ። ግለቱ ከተመለሰ ግን ቀኑ ሞላ አልሞላ ሳትል አቁም፤ እነዚያን አረጋዊ አጠገብህ እንዳሉ ቁጠራቸው። በሚቀጥለው ደብዳቤህ መጀመሪያ የግፊትህን ቁጥር ላክልኝ፣ ስለ ቺ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ የምኖር መምህርት ነኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ወድቃለች። የቻይናዎቹ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ይጠቅማታል? ከሃይማኖታችንስ ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለምን እንደወደቁ ይታወቅ። ዓይናቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ራሳቸውን ያዞራቸው እንደሆነ ሐኪም ይይላቸው። ከዚያ በኋላ አዎ፣ ይጠቅማቸዋል። ታይቺ የሚባለው ይህ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ አረጋውያንን ከመውደቅ እንደሚጠብቅ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው፤ የጁገልን ቁልቁለትና ድንጋይ ለሚረግጥ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የውስጥ ጉልበትን በሰውነት ስለ ማዞር ምንም አይንገሯቸው። የሰውነትን ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ማሳለፍ፣ ተረከዝ አንሥቶ መመለስ፣ እጅን ከትንፋሽ ጋር ማንሣትና ማውረድ ለጀማሪ በቂ ነው።

ስለ ሃይማኖቱ፣ እነዚህ እንቅስቃሴዎች ጸሎት የለባቸውም። ከላይ ያነሣሁት ነይዳን ግን ታኦ የሚባለው የቻይናውያን ሃይማኖት ልጅ ነው፤ በሙሉ መንገዱ የሚሄድ ሰው የራሳቸው አማልክትና ሥርዓት ያጋጥመዋል። ሐቀኛ መምህር ይህን ቀድሞ ይነግርዎታል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ የሃይማኖት አባትዎን ይጠይቁ።

እናትዎ ሲለማመዱ የሚደገፉበት ወንበር ከባድ የእንጨት ይሁን፤ የፕላስቲኩ ይንሸራተታል።