«ሌሊት ስልኬ ላይ የምጽፈውን ባሌ አነበበው»

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? አምስተኛ ወሯን የያዘች ሴት ልጅ አለችኝ። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። የወሊድ ፈቃዴ፣ 120 ቀኑ፣ አልቆ ሥራ ገብቻለሁ። ሌሊት እሷን እያጠባሁ በአንድ እጄ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ግጥም ይሁን ምን እንጃ፣ ብዙው ግን ምሬት ነው። ባለፈው ባለቤቴ አየውና «ልጃችንን አትወጃትም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መጻፍ ፈራሁ። ላጥፋው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ።

እሹሩሩን ልብ ብለሽ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? እኔ ያደግኩበት እሹሩሩ የሕፃኑን እናት ቶሎ ነይ፣ ወተቱንም ዳቦውንም ይዘሽ ነይ እያለ ነው የሚለምናት። የት ዋለች፣ ደክሟት ይሆን የሚል ቃል የለውም። የቀረውን እሱን አንቺ እየጻፍሽው ነው። ደክሞኛል ማለት ልጄን አልወድም ማለት አይደለም፤ ባልሽንም ቁጭ አድርገሽ ይህንኑ ንገሪው።

እኔም ልጄን በወለድኩ ጊዜ ደብተር ሙሉ ብሶት ጽፌያለሁ። መልሼ ሳነበው የባሰ ያስለቅሰኝ ነበር። አንድ ሌሊት ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት ልሞክረው አልኩና፣ ያው እንደምታውቂው እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ምት፣ ሆኖ መሃል ላይ ይሰበራል፣ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ አንድ ቃል እየጣልኩ ሌላ እያነሳሁ፣ ሳላውቀው እንባዬ ቆመ። የወጣችው ይቺ ናት፦

ልጅሽ ተኛች ብለው ጠየቁኝ ሲገቡ፣
ስለ እኔ እንቅልፍ ግን አንዴም ሳያስቡ።

ትልቅ ግጥም አይደለችም። ግን ያ ሁሉ ገጽ ብሶት ሁለት መስመር ውስጥ ገባልኝ፣ ተነፈስኩ።

ስለዚህ «እናትነት» ብለሽ አትጀምሪ፣ ቃሉ ይውጥሻል። ከሚታይ ነገር ጀምሪ። ቢሮ ሆነሽ ጡትሽ ሞልቶ ሸሚዝሽን ሲያርሰው፣ በነጠላ ስትሸፍኚው፣ እዚያ ጋ። ቤት መምታቱ ካስጨነቀሽ ተዪው፣ ይደርሳል። ቅዳሜ ደግሞ ልጅቷን አባቷ ይያዝና አንድ ሰዓት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ተቀመጪ፣ ሰፈርሽ ነው። ሌሊቱን የጻፍሽውን በቀን ብርሃን ስታዪው ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቀሽ፣ ልጅቷ ተኝታም አንቺ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ራስሽን ወይም እሷን ስለመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ለሰው ተናግረሽ ያኔውኑ ሂጂ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ግጥም አብሮሽ ይቀመጣል እንጂ መድኃኒቱን አይተካም።

የጻፍሽውን አታጥፊው። ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑንና ልጅቷ ያኔ ስንት ወሯ እንደነበር ጨምሪበት።