«ሚስት አልጋ አትከለክልም» ሲባል ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቢቸና አካባቢ ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባሌ ከአራት ወር በፊት ተመርምሮ ኤችአይቪ ተገኘበት፤ መድኃኒት ጀምሯል። እኔ ነጻ ነኝ። ኮንዶም እንጠቀም ስለው «ከሚስቴ ጋር በኮንዶም?» ብሎ ይቆጣል። እምቢ ስል ሽማግሌ ጠራብኝ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሳያውቁ «ሚስት አልጋ አትከለክልም» አሉኝ። ትዳሬን እወዳለሁ። በሕግ ጥፋተኛ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም።

ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ግማሹን ነው። ባልና ሚስት አብረው እንዲኖሩና አልጋ እንዲጋሩ ሕግ ያዛል፤ እውነት ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በአንቀጽ 53 ላይ፣ ግንኙነቱ ጤናን በብርቱ የሚጎዳ ከሆነ ይህ ግዴታ እንደማይኖር ጽፏል። እናንተ ጋ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ስለሆነ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ጠበቃሽ እሱን ይዞ ይቅረብ። ደግሞስ አንቺ መቼ አልጋ ከለከልሽ? የጠየቅሽው ኮንዶም ነው።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልንገርሽ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የተጻፈው የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ከጋብቻ ውጭ ያለውን ብቻ ነው የሚመለከተው። ይህ ክፍተት ሁሌም ያናድደኛል። ግን ባል እንደፈለገ ያድርግ ማለት አይደለም። ቢመታሽ ወይም ቢያቆስልሽ አንቀጽ 564 አለ፤ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል ነው። ለፖሊስ ወይም ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ትችያለሽ።

ቫይረሱ እንዳለበት እያወቀ ሆን ብሎ ቢያስተላልፍብሽስ? አንቀጽ 514 ያስቀጣዋል። ነገር ግን ያ ክስ የሚመጣው አንቺ ከተያዝሽ በኋላ ነው። እሱ ቢታሰር ያንቺ ጤና አይመለስም፤ ልጆቹም ያለ አባት ይቀራሉ። ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ በፊት ጤና ጣቢያውን አስቀድሚ እላለሁ።

ባልሽ ኮንዶሙን የዕድሜ ልክ ፍርድ አድርጎ ሳያየው አይቀርም። አይደለም። መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ ከወሰደ፣ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። ያኔ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የወጣ የአውሮፓ ጥናት እንደናንተ ያሉ ጥንዶችን ያለ ኮንዶም ሲገናኙ ተከታትሎ፣ መድኃኒቱ ከሚሠራለት ሰው ወደ ትዳር ጓደኛው የተላለፈ አንድም አላገኘም። የእሱ ግን ገና አራት ወሩ ነው። የቫይረስ መጠን ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ወር አካባቢ ይደረጋል። እንግዲህ «ውጤቱ እስኪመጣ» ብለሽ ንገሪው። «ለዘላለም» ከማለት ይህ ለጆሮው ይቀለዋል።

እስከዚያው ኮንዶም። ቅቤም ቫዝሊንም አትቀቡት፤ ይቀደዳል። ከተቀደደ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሂጂ፣ የሚሰጥ መከላከያ አለ። አንቺ ራስሽ በየቀኑ የምትወስጂው መከላከያ መድኃኒትም አለ፤ ትዳር ጓደኛው ቫይረሱ ላለበት ሰው ይሰጣልና ጠይቂ። ጸበል ከሄደም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ሁለቱ እንደማይጣሉ አስተምረዋል።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ከመጡ ምስጢሩን አታውጪ። «ሐኪም ያዘዘን ነገር አለ» ማለት ይበቃል። ያከመው ባለሙያም ያለ ፈቃዱ ለማንም እንዳይናገር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይከለከላል፤ ስለዚህ ባልሽ ጎረቤት ይሰማል ብሎ ከክሊኒኩ አይሽሽ።

የሚቀጥለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቂውና አብረሽው ሂጂ። ያን ዕለት አንቺም ድጋሚ ተመርመሪ።