ከ400 ይልቅ 153

«የክሪኬት ተጫዋቹ የብራያን ላራ ትልቁ ጨዋታ 400 ነጥብ ያስቆጠረበት ነው?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ በእኔ ፍርድ አይደለም። የትሪኒዳዱ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2004 አንቲጓ ውስጥ በእንግሊዝ ላይ ያስቆጠረው 400 በቴስት ክሪኬት (እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው የአገሮች ግጥሚያ) እስካሁን የሚደርስበት አልተገኘም። ነገር ግን ጨዋታው በአቻ አለቀ፤ ተከታታይ ግጥሚያዎቹንም እንግሊዝ አስቀድማ 3 ለ0 ወስዳ ነበር።

እኔ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ባርቤዶስ ላይ አውስትራሊያን የገጠመበትን ነው። ዌስት ኢንዲስ፣ የላራ የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን፣ በደቡብ አፍሪካ 5 ለ0 ተዋርዳ ተመልሳለች፤ በዚሁ በአውስትራሊያ ተከታታይ የመጀመሪያ ግጥሚያ ደግሞ በ51 ነጥብ ብቻ ተጠራርጋ ወጥታለች። አምበሉ ላራ ነው፤ ስድቡም ሁሉ በእሱ ላይ ይወርዳል። ለማሸነፍ 308 ነጥብ ያስፈልጋል፤ 105 ላይ አምስት ሰው ወጥቷል። ላራ ከቡድን ጓደኛው ከጂሚ አዳምስ ጋር 133 ጨመረ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ነጥብ ሲቀር ከዱላው ጀርባ የሚቆመው የአውስትራሊያው ኳስ ያዥ ኢያን ሂሊ ላራን ሊያስወጣ የሚችለውን ኳስ ሳይይዝ ጣለው! የቀረው አጋር ኮርትኒ ዋልሽ ነበር፤ ድንቅ ወርዋሪ፣ ዱላ ሲይዝ ግን በዜሮ መውጣት የማይታክተው ሰው። ዋልሽ አምስት ኳስ ተቋቋመ። ከዚያ ላራ የአውስትራሊያውን ወርዋሪ የጊሌስፒን ኳስ ወደ ድንበር ላከው፤ 153 አስቆጥሮ ሳይወጣ በአንድ ዊኬት፣ ማለትም አንድ ሰው ቢወጣ ሊሸነፉ ሲችሉ፣ አሸነፉ።