መልስ፦ የዩክሬን ጦርነት ከብር መዳከም ጋር ምን አገናኘው?

ወንድሜ፣ ሩቅ አገር የተነሣ ጦርነት የእኛን ብር እንዴት ያዳክማል ብለህ ጠይቀሃል። የሚያገናኛቸው ዶላር ነው። ነዳጅና ማዳበሪያ የምንገዛው በዶላር ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የሁለቱም ዋጋ ናረ። እኛ ደግሞ ያኔ ከውጭ የምንገዛው ከምንሸጠው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ ዶላር አጠረን፣ ዶላር ሲያጥር ደግሞ ብር ይዳከማል። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በውጭው ዓለም ማሳበብ ልክ አይደለም።

መንግሥት መጀመሪያ የመረጠው መዝጋትን ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ታገዱ። ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ይከፍል ነበር። ቤይሩት ወይም ሪያድ ለፍታ ለእናቷ የምትልክ እህት የቱን ትመርጣለች? ዶላሩ ባንክ ሳይደርስ ይቀራል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ የዩሮቦንዱን (ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረችበትን ሰነድ) ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ፤ የዶላሩን ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ሲተው ብሩ ተዳከመ፤ አይኤምኤፍም (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ወዲያው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር አጸደቀ።

እኔ ለውጡ የማይቀር ነበር ባይ ነኝ። የሚያንገበግበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ ማሻሻያ የመጣው ዋጋ ከወጣ በኋላ ነው፤ የግል ድርጅት ተቀጣሪውንና የቀን ሠራተኛውንማ ጭራሽ አልነካም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም በር ከፍቶ ነበር። ያ ቦርድ ከምንዛሪው ለውጥ በፊት ሥራ መጀመር ነበረበት።