ክቡ ውስጥ ሁሉም ይግባ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ሂፕ ሆፕና ስለ ጎዳና ዳንስ ናቸው። ዓምዱን ገና ለምታውቁት፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሰፈር ልጆችን ዳንስ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የመድረክ ቡድን የለኝም። ልጆቹ የሚመጡት ለመንቀሳቀስና ለመጫወት ነው።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው የካ አባዶ ነው፤ 22 ዓመቴ ነው። ትንሽ ብሬክ ዳንስና ፖፒንግ እችላለሁ፣ የተማርኩት ከስልክ ነው። ትምህርት ሲዘጋ የብሎካችን ልጆች ‹አስተምረን› ብለው ያዙኝ። 20 ይሆናሉ፣ ከ7 እስከ 14 ዓመት። አዳራሽ የለም፣ ስፒከር የለም፣ ምንጣፍ የለም። ባለፈው ሳምንት ከቲክቶክ አንድ ዳንስ አውጥቼ ላስተምራቸው ሞከርኩ። አምስቱ ያዙት፤ ሌሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ከየት ልጀምር?»

መልስ

ወንድሜ፣ ግድግዳ ተደግፈው ከቀሩት 15 ልጆች ጀምር። አምስቱማ አንተ ባትኖርም ይደንሳሉ።

ቲክቶኩን ለጊዜው ተወው። የሌላ ሰው ዳንስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማስያዝ ቶሎ የሚይዘውን ልጅ ያስደስተዋል። የሚዘገየው ግን «እኔ አልችልም» ብሎ ይደመድማል። አንዴ ከደመደመ እሱን መመለስ ከባድ ነው።

የሂፕ ሆፕ ዳንስ ሲወለድም እንዲህ አልነበረም። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፤ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና፣ ቁጥር 1520። አንዲት ልጅ ትምህርት ሊከፈት ሲል የልብስ መግዣ ፈልጋ የመግቢያ ዋጋ ያለው ግብዣ አዘጋጀች። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ነበር፤ ከጃማይካ የመጣ፣ ዲጄ ኩል ሄርክ የሚባል ወጣት። እሱ አንድ ነገር አስተውሏል። ሰው ይበልጥ የሚጋለው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ ሲቀር ነው። ያቺን አጭር ቦታ በሁለት ሸክላ እያፈራረቀ ያስረዝማት ጀመር። «ብሬክ» የምትባለው እሷ ናት፤ ቢ-ቦይና ቢ-ገርል የሚለው የደናሾቹ መጠሪያም ከእሷ መጣ። አሁን ቦታውን ልብ በል። ግብዣው የተደረገው የመኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ክፍል ውስጥ ነው። የእኛን ኮሚናል በለው።

ስለዚህ የብሎካችሁን ኮሚቴ አናግር። ዕድርና ስብሰባ በሌለበት ሰዓት ኮሚናሉን እንዲሰጡህ ጠይቅ። ብቻህን አትሂድ፤ የልጆቹ እናቶች ሁለት ሦስት ሆነው ይምጡልህ። መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓቱን ቁረጡ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ሙዚቃ አይከፈትም። እኔ አንድ ቅዳሜ ሳልጠይቅ ከፍቼ ለሁለት ወር ቁልፉን ተከልክያለሁ። እነሱ ትክክል ነበሩ።

ወለሉ ሊሾ ከሆነ ለእግር ሥራ ጥሩ ነው። ብቻ መጀመሪያ በደንብ ይጠረግ፤ ሊሾ ላይ ያለ አሸዋ ልጅ ይጥላል። እጅና ጀርባ መሬት ለሚነካበት እንቅስቃሴ የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ፈልግ። ሁለቱን ደርብ፣ ጠርዙን በፕላስተር ከወለሉ ጋር አጣብቅ። ብሮንክስም ልጆቹ የሚደንሱት ካርቶን ላይ ነበር። ኮብልስቶን ላይ ግን በፍጹም። ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል።

ስፒከር የለኝም ብለሃል። ባዶ ጄሪካን አለህ። ቢጫዋ 20 ሊትር ስትመታ ከበሮ ናት። ሂፕ ሆፕ ሙዚቃ በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ምት ገደማ ነው የሚሄደው፤ ልጆች በእጃቸው በቀላሉ ይይዙታል። መብራት ሲጠፋ እኛም እንዲሁ ነው የምንሠራው። በነሐሴ ደግሞ የሆያ ሆዬ ዱላ ይመጣል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዱላው መሬት ይመታል። ይህን የሚችል ልጅ ምት አያውቅም አትበለው። ጄሪካኑን መጀመሪያ ለማን እንደምሰጥ ልንገርህ? መደነስ ለሚያፍረው ልጅ። ምቱን በእጁ ከያዘ በኋላ እግሩ ራሱ ይከተለዋል።

አንድ ሰዓት ካለህ አሥሩን ደቂቃ ለማሟሟቂያ ስጠው። የእጅ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ። ከዚያ ሱዚ ዝለሉ። አዎ፣ ሱዚ! በጄሪካኑ ምት ስትዘለል የእግር ሥራ ትሆናለች። ቶፕ ሮክ የሚባለው፣ ቆመህ እግርህን በምት እያቋረጥክ የምትረግጠው፣ ሱዚ ለምታውቅ ልጅ አዲስ ነገር አይሆንባትም። ቀጥሎ ሲክስ ስቴፕ አስተምር፤ እጅ መሬት ይዞ እግር በስድስት ርምጃ ሰውነትን ይዞራል። በአንድ ቀን አንድ ርምጃ ብቻ ብታስተምር በቂ ነው።

ፖፒንግ ላይ ልጆቻችን ጥቅም አላቸው። ፖፒንግ ጡንቻን በምት ላይ ድንገት ማጥበቅና መልቀቅ ነው። ከካሊፎርኒያዋ ከተማ ከፍሬዝኖ ነው የወጣው። እኛ ደግሞ እስክስታ አለን። ሌላው ሰውነት ጸጥ ብሎ ትከሻ ብቻውን ሲናገር ከሕፃንነታችን አይተናል። ደረት ለብቻ፣ ትከሻ ለብቻ ማንቀሳቀስ ሌላ አገር ተማሪውን ወራት ይፈጅበታል። የኛ ሰፈር የ9 ዓመት ልጅ ከሠርግ ቤት ይዞት ይመጣል። እስክስታውን አታስተወው። «ይችን አንድ ጊዜ ብቻ ምታና አቁም» በለው፤ ፖፕ ሆነች ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ክብ ሥሩ። ለኔ ከትምህርቱ ሁሉ የምሳሳለት ይህን ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ሁሉም ይገባል፣ ስምንት ቆጥሮ ይወጣል። ምን እንደሚሠራ አይታዘዝም። ማጨብጨብ ይችላል፣ መራመድ ይችላል። የወጣው ሁሉ እኩል ይጨበጨብለታል። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ መሐል ገብቶ፣ ቆሞ፣ ስምንት ተቆጥሮለት ይወጣ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ እንዳይሳቅ ስለጠበቅኩት። በአራተኛው ሳምንት ትከሻውን አንዴ መታ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ዛሬ ትናንሾቹን የሚያሟሙቅልኝ እሱ ነው።

ባትል፣ ማለትም ፊት ለፊት የዳንስ ፉክክር፣ እንዲያደርጉ ይጠይቁሃል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እምቢ በል። አሸናፊ ሲመጣ ግድግዳ የሚደገፉት ይመለሳሉ።

አንድ ነገር አትርሳ። የምታስተምረው በክረምት ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ብዙ ሕፃን ይጾማል። ባዶ ሆዱን መጥቶ ሲዘል ራሱን ያዞረው ልጅ ገጥሞኛል። እኔ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሙዚቃውን እዘጋለሁ። ሰውነት ማፍታታትና ሚዛን መጠበቅ ብቻ እንሠራለን፣ እሱም ከሰዓት በኋላ፣ ከበሉ በኋላ። በረመዳንም ለሚጾሙት እንዲሁ ቀለል አደርጋለሁ። ወላጆች ይህን ሲያዩ ልጃቸውን በእምነት ይሰጡሃል።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምንኖረው ጀሞ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ሰፈር ውስጥ ሂፕ ሆፕ ከሚያስተምር ልጅ ጋር ልማር አለች። እኔ ደስ ብሎኛል፤ በፊት ሱዚ ስትዘል ትውል ነበር፣ አሁን ከስልክ ጋር ተጣብቃለች። አባቷ ግን ‹ዱርዬነት ነው፣ ሴት ልጅ መሬት ላይ ትንከባለል ወይ?› አለ። ደግሞ እንዳትሰበርብኝ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

እህቴ፣ ስለ ሱዚ የጻፉት ልቤን ነካው። እኔም በየዓመቱ የማየው ነው። ሴት ልጅ 12፣ 13 ሲሆናት ከደጅ ትጠፋለች። ጨዋታው «ያደግሽ ነሽ» ተብሎ ይቀራል፣ የቤት ሥራ ይበዛባታል። ሰፈር ውስጥ ሜዳ አለ ከተባለም ኳስ ሜዳ ነው፤ እሱን ደግሞ ወንዶቹ ይዘውታል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ልብ ምት ከፍ በሚያደርግ እንቅስቃሴ ላይ እንዲያሳልፉ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር ይጨመርበት ይላል። መዝለሉና በእጅ ክብደትን መሸከሙ ዳንሱ ውስጥ አሉ። ልጅዎ ይህን 60 ደቂቃ ዛሬ ከየት ታገኘዋለች?

ባለቤትዎን በክርክር አይግጠሟቸው። አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ሄዳችሁ ዳር ተቀመጡ። በሩ ክፍት ነው? ከአስተማሪው ሌላ ትልቅ ሰው አለ? አስተማሪው በራሱ ሰውነት ያሳያል ወይስ ልጆቹን እየነካ ነው የሚያስተካክለው? እኔ አልነካም፤ ማሳየት ይበቃል። ልጆቹን በስልክ ቀርጾ ወላጅ ሳያስፈቅድ የሚለጥፍ ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ልብስ አያስጨንቅዎ፤ ሰፊ ሱሪና ከናቴራ ይበቃል። ሻሽ ወይም ሂጃብ ከሆነ ጫፉ እንዳይንጠለጠል ወደ ውስጥ ይግባ። መሬት የሚወርደውን ክፍል ካልወደዱት ደግሞ ቆሞ የሚሠራው ብቻውን ሙሉ ዳንስ ነው። ሎኪንግ (እየተንቀሳቀሱ ድንገት ደርቆ መቆም) እና ፖፒንግ ተምራ መሬት ሳትነካ ብታድግ ምንም አይጎድልባትም።

ስለ መሰበሩ ያሉት እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ። በ1995 ዓ.ም. 14 ዓመቴ ነበር። ቪዲዮ ቤት ያየነውን አስፋልት ላይ ወጥተን እንሠራለን፤ ማሟሟቅ የሚባል ነገር አናውቅም። በግራ እጄ ወደቅኩ። ያሠለጥነን የነበረው ታላቅ ልጅ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ብሎ አስቀጠለኝ። ማታ አበጠ። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ። ራጅ የተነሳሁት ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። አሁንም ብርድ ሲበረታ አንጓዬ ይነግረኛል።

ስለዚህ ለአስተማሪው አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ «ልጅ ‹አመመኝ› ሲልህ ምን ታደርጋለህ?» መልሱ «አቁም እለዋለሁ» ካልሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። እጇ ካበጠ ደግሞ ከማሸት በፊት ራጅ ትነሳ። የልጅ አጥንት ጫፉ ገና በማደግ ላይ ነው፤ በእሽት አይሞከርም።

አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ ክቡን ይዩት። እኛ ሰፈር በግድ መጥተው በር ላይ ቆመው ያዩ አባት አሁን ካርቶን የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ብሬክ ዳንስ ኦሎምፒክ ላይ አለ ወይስ የለም? እኔ አለ እላለሁ፣ ጓደኛዬ የለም ይላል። ደግሞ በጭንቅላቴ መሽከርከር መቼ ነው የምጀምረው? 11 ዓመቴ ነው። ከቦሌ አራብሳ።»

መልስ

የኔ ጀግና፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ፓሪስ ላይ ነበረ፤ ነሐሴ 3 እና 4 ቀን 2016 ዓ.ም.። በሴቶች ጃፓናዊቷ አሚ፣ በወንዶች ካናዳዊው ፊል ዊዛርድ ወርቅ ወሰዱ። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. ቦነስ አይረስ ላይ በወጣቶች ኦሎምፒክ ታይቷል። ቀጣዩ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ግን አልያዘውም። ከጓደኛህ ጋር ታረቁ።

በጭንቅላት መሽከርከሩ ይቆይ። አንገትህ ገና ያንን ክብደት የሚሸከም አይደለም፤ እኔ ጋ ያሉትንም በአንተ ዕድሜ አልፈቅድላቸውም። እስከዚያ ቤቢ ፍሪዝን ተማር። ክርንህን ሆድህ ጎን ታስገባለህ፣ ክብደትህን እጆችህ ይሸከማሉ፣ ጭንቅላትህ መሬቱን ነካ ብቻ ያደርጋል። ትልቅ ሰው አጠገብህ ይሁን፣ ካርቶን አንጥፍ፣ አንጓህን መጀመሪያ አሟሙቅ። ሲክስ ስቴፕን በቀኝም በግራም አሥር አሥር ጊዜ ሳታቆም መዞር ስትችል ደግሞ ጻፍልኝ፤ የሚቀጥለውን እነግርሃለሁ።