ስለ ፋስቲንግ የጠየቃችሁኝ

ስለ ፋስቲንግ፣ ማለትም ኪሎ ለመቀነስ የምግብ ሰዓትን ስለ መገደብ፣ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። ለማታውቁኝ፣ አዲስ አበባ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። 16 ለ 8 የሚባለውን ከያዝኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ከ84 ኪሎ ወደ 74 ወርጄ እዚያው ረግቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ጨፍልቄያቸዋለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ 16 ለ 8 ምን ማለት ነው? አንቺስ በስንት ሰዓት ነው የምትበዪው?

ከ24 ሰዓት ውስጥ የምትበሉት በ8ቱ ብቻ ነው። በቀሩት 16 ሰዓታት ውሃ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ቡና ብቻ። እንቅልፉም እዚያው ውስጥ ስለሚቆጠር እንደሚያስፈራው አይደለም። ብዙ ሰው ቁርስ መዝለል ስለሚቀለው ከቀኑ 6 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያደርገዋል። እኔ ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው የምበላው፤ ምክንያቱም የኔ ችግር ቁርስ ሳይሆን ማታ በ3 ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ የምጨርሰው ትሪ ሙሉ እንጀራ ነበር።

5 ለ 2 የሚባልም አለ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሴት 500፣ ወንድ 600 ካሎሪ ያህል በልተው በቀሩት ቀናት እንደ ወትሮው ይበላሉ። ቀኑን በአንድ ማዕድ የሚያልፉም አሉ። እሱን አልመክርም፤ ያቺ አንዷ ማዕድ ስትደርስ ሰው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ለጀማሪ 12 ለ 12 ይበቃል። ማታ በ1 ሰዓት በልታችሁ፣ ጠዋት በ1 ሰዓት ቁርስ። ካልከበዳችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉት።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ጾሜ ኪሎ ጨምሬ ወጣሁ። እውነት ይሄ ነገር ይሠራል?

ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ወንድሜ፣ ሰዓቱ ላይ ምንም ችግር የለብህም። ማታ በ3 ሰዓት በልተህ እስከ ነገ 9 ሰዓት ከቆየህ 18 ሰዓት ነው፤ ከኔ ትበልጣለህ። ችግሩ ድስቱ ውስጥ ነው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ አለው። አሁን በጾም ሰሞን የምንሠራውን ሽሮ አስቡት፤ ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ «አልበሰለም» እንላለን። ምግብ ቤት የሚቀርበው በያይነቱማ ለብቻው ነው፤ ጎመኑም፣ ድንቹም፣ ምስሩም፣ ፎሶሊያውም እያንዳንዱ የራሱን ዘይት ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የጾም ኬክ፣ ፓስታ በዳቦ። ፓስታ በዳቦ! ሌላው ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል የምናገኘው ፕሮቲን ይቀርና በእንጀራና በዳቦ እንሞላዋለን። ስለዚህ ቶሎ ይርበናል፣ እንደገና እንበላለን። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ ስለ እሱ አላወራም።

እኔ በጾም የማደርገው ቀላል ነው። ወጡን የምሠራው ዘይቱን በማንኪያ ለክቼ ነው፤ ከጠርሙሱ ቀጥታ አላፈስም። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ አበዛለሁ። ጎመኑ ከእንጀራው እንዲበልጥ አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ የቤተ ክርስቲያን ጾም የራሱ ዓላማ አለው፤ ለቦርጭ ብዬ አልጾመውም፣ እናንተም እንደዚያ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ሙስሊም እህትና ወንድሞችም ስለ ረመዳን ተመሳሳይ ነገር ጠይቃችኋል። መልሱ ያው ነው። ቴምርና ሾርባው ምንም አይልም፤ የሚያከብደው ተጠብሶ የሚወጣው ሳምቡሳና ጣፋጩ ነው። ልዩነቱ በረመዳን ውሃም ስለማይጠጣ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውሃን ከፋፍሎ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ሱሑር ላይ ብቻ አንድ ጆግ ቢጠጡ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ቡና ፋስቲንጉን ያፈርሳል?

ስኳር ከሌለው አያፈርስም። በጨው የምትጠጡም፣ ጤና አዳም የምትጨምሩም ችግር የለም። ማኪያቶ ያፈርሳል። አብሮት የሚቀርበው ቆሎና ፈንዲሻም ያፈርሳል፤ «እፍኝ ብቻ» እየተባለ ነው ሁሉም የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ጨጓራ አለብኝ፤ ባዶ ሆዴን መቆየት እችላለሁ?

ይሄንን የጠየቃችሁ በጣም ብዙ ናችሁ። ቁስለት ካለባችሁ ወይም የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ) መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ፋስቲንጉ የትም አይሄድም። ቃር ብቻ ያለባቸው ግን ማታ ቶሎ በልተው ሲያቆሙ የሚቀልላቸው አሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ። ሆድ ሞልቶ ወዲያው መተኛት ነው የሚያቃጥለው።

አሁን እንደ ፋርማሲስት አንድ ነገር ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ይመጣል፤ ውሃ መጠጣት ስለሚረሳ ወይም የለመዱት ቡና ስለሚቀር ነው። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ባዶ ሆዱን አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ይውጣል። የጨጓራን ግድግዳ ከሚጎዱት ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው! መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፣ አንድ ስኒ ቡና ጠጡ፣ ካልተሻላችሁ ፋስቲንጉን አቋርጣችሁ ብሉ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ግን ፋርማሲ ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት፣ ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች። አብራኝ ልትጀምር ፈልጋለች።

እማማ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ። ግሊቤንክላሚድም ኢንሱሊንም ተበላም አልተበላም ስኳርን ያወርዳሉ። ምግቡ ሲቀርና መድኃኒቱ ሳይቀር ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ላብ ላብ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ንግግር ይምታታል፣ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ሌላው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ይህ አደጋ በጣም ያነሰ ነው፤ ግን ሆድ እንዳይረብሽ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ ሰዓቱ መስተካከል አለበት። መጠኑንና ሰዓቱን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፣ እኔም አይደለሁም፣ አንቺም አይደለሽም። ምልክቱ ከታየባቸው፣ ራሳቸውን እስካልሳቱ ድረስ፣ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ጁስ ስጫቸው።

የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ኪሎ ሲቀንስ ግፊቱም ስለሚወርድ ማዞር ከጀመራችሁ ተለኩ። እርጉዝ፣ የምታጠባ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ከመጀመሪያውም ኪሎው ዝቅ ያለ ሰው ይሄንን ይተወው። የወር አበባዋ የቀረባትም ታቁም።

ጥያቄ፦ በ16ኛው ሰዓት ሰውነት ራሱን ማጽዳት ይጀምራል የሚባለውስ?

ኦቶፋጂ ነው የምትሉት። ሕዋስ ያረጀውን ክፍሉን ፈጭቶ እንደገና የሚጠቀምበት መንገድ ነው፤ እውነት ነው፣ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ነው። ግን እሱ ያጠናው በእርሾ ነው። ከዚያ ተነስቶ «16ኛው ሰዓት ላይ ካንሰር ይጸዳል» የሚለው የዩቲዩብ ወሬ ነው።

የኪሎው ጉዳይ ግን በሰው ተፈትኗል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በ116 ሰዎች ላይ በተደረገ የ12 ሳምንት ጥናት 16 ለ 8 የያዙትና በቀን ሦስቴ የበሉት በኪሎ ያን ያህል አልተለያዩም። በ2022 ቻይና ውስጥ 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት ሁሉም ምግብ ቀንሰው፣ ግማሾቹ ደግሞ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እየበሉ ተከታትለዋቸዋል። ሰዓት የጠበቁት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ያልጠበቁት 6.3 ቀነሱ፤ በስታቲስቲክስ ልዩነት አለ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ሰዓቱ ተአምር የለውም። የሚሠራው አነስ አድርጋችሁ እንድትበሉ ስለሚያደርግ ነው። ካሎሪ መቁጠር የሚመቸው ሰው እሱን ያድርግ። እኔ የእንጀራ ካሎሪ ስቆጥር መኖር አልችልም፣ ሰዓት ማየት ግን እችላለሁ።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ፣ ከዚያ ቆመ።

አብዛኛው ውሃ ነበር። ሰውነት ግላይኮጅን አድርጎ ያጠራቀመውን ስኳር ሲጠቀም አብሮት የተያዘው ውሃም ይወጣል። እውነተኛው ስብ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው። በየቀኑ ሚዛን ላይ አትውጪ፣ ቀበቶሽን እይ። ጡንቻ እንዳይሄድብሽም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ክብደት አንሺ፤ ጂም ከሌለ ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ምሳ በ10 ሰዓት ነው፣ እራት እነሱ ከበሉ በኋላ ሌሊት። እንዴት ላድርገው?

እህቴ፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ወለል የምታጥቢ፣ ደረጃ የምትወጪ ሰው ነሽ። ምግብ በፈለግሽ ሰዓት ካላገኘሽ 16 ሰዓት አትሞክሪ። ጠዋት ተነስተሽ ያገኘሽውን ብዪ፣ የሌሊቱን እራት አሳንሺ፣ ጣፋጩንና ለስላሳውን ተዪ። ለአሁኑ ይሄ ይበቃሻል። የሚሰጥሽ ምግብ ራሱ የማይበቃ ከሆነ ግን መክሳትሽ ጥሩ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰው ምን አለሽ?

«ምን ነክቶሽ ነው? ተመረመርሽ?» እኛ አገር መክሳት በሽታ ነው። አክስቴ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። ግብዣ ላይ ደግሞ «በሞቴ» ሲሉ 12 ሰዓት አለፈ ማለት አይቻልም፤ ጉርሻውን እቀበላለሁ፣ በማግስቱ ቁርሴን ወደ 6 ሰዓት እገፋለሁ። ሠርግና ልቅሶ ላይ ሰዓት አላይም።

ጥያቄ፦ ቢራስ? ጫትስ?

አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በምትበሉበት ሰዓት ውስጥ አንድ ይበቃል፣ ባዶ ሆድ ላይ ግን አይሞከርም። ጫት ረሃብን ያጠፋል፤ ያ ፋስቲንግ አይባልም፣ ማታ ምርቃናው ሲበርድ የሚመጣውን ረሃብ የቃሙት ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ከኪሎው ሌላ ምን ለውጥ አየሽ?

ቃሩ ጠፋ፣ እንቅልፌ ተሻለ። አእምሮዬ ጠራ ምናምን አልልም። መጀመሪያ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ቁጡ ነበርኩ፤ ባለቤቴን ጠይቁት።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን የምትበዪውን ንገሪን።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሁለት ዕንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ። 8 ሰዓት አካባቢ ግማሽ እንጀራ በምስር ወይም በጥብስ፣ ጎመን ብዙ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ስወጣ የያዝኩትን ሙዝና የተቆላ ሽምብራ፣ ወይም ቤት ከደረስኩ ሾርባ። ረቡዕና ዓርብ ዕንቁላሉም ጥብሱም ይቀሩና ባቄላ ፉል እሠራለሁ፤ ዘይቱን በማንኪያ።