የኦሽን ሲቲ ሰዓት ለፖቶማክ አይሠራም

እህቴ፣ የውሃውን ሙላትና ጉድለት ሰዓት የሚነግርሽ አፕ አልተሳሳተም። «ኦሽን ሲቲ ውሃው ይሞላል ባለኝ ሰዓት ልጆቼንና ካያካችንን ይዤ ቤል ሄቨን ብደርስ ጭቃ ጠበቀኝ» ብለሻል። ኦሽን ሲቲ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ያየሽው የውቅያኖሱን ሰዓት ነው። ቤል ሄቨን ያለበት የወንዛችን የፖቶማክ ሰዓት ሌላ ነው። እኔም አሌክሳንድሪያ፣ ጆንስ ፖይንት ዓሣ ማጥመድ በጀመርኩበት ዓመት በዚሁ ምክንያት ስንት ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

ሙላቱ ከውቅያኖስ ተነስቶ እንደ ረጅም ሞገድ ነው የሚጓዘው። ጥልቅ ውሃ ላይ ይፈጥናል፤ ጥልቀቱ ሲያንስ ያዘግማል። ሙላቱ የሚገባበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአፉ የገባው ሙላት ላይኛው ጫፍ እስኪደርስ 12 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እሱ እዚያ ሲደርስ አፉ ላይ ቀጣዩ እየገባ ነው! የእኛው ሙላት መንገድ ላይ ወደ ፖቶማክ ይታጠፍና ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል።

በጣም የገረመኝ ግን መጠኑ ነው። ባሕረ ሰላጤው ዳር ባለችው አናፖሊስ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዋሽንግተን ላይ 85 ይጠጋል። ወንዙ ወደ ላይ እየጠበበ ሲሄድ ውሃው መሄጃ አጥቶ ከፍ ይላል። ያ ሁሉ ጭቃ የተገለጠብሽም ለዚህ ነው።

አሁን አፑ ላይ «ዋሽንግተን» የሚለውን ጣቢያ ምረጪ። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱን አትያዢ። ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰ ውሃውን ከባሕረ ሰላጤው ገፍቶ ያስወጣዋል፤ የተተነበየው ሙላት ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በ2003 ኢዛቤል የተባለው አውሎ ነፋስ ደግሞ በተቃራኒው ውሃውን ሽቅብ ገፍቶ የአሌክሳንድሪያን አሮጌ ሰፈር ኦልድ ታውንን አጥለቅልቋል።

እኔ ስልኬን ካየሁ በኋላም ዳሩ ላይ ያሉትን ድንጋዮች ሳላይ መንጠቆ አልጥልም። ከውሃው በላይ ያለው ድንጋይ ገና እርጥብና ጥቁር ከሆነ ውሃው እየጎደለ ነው። ደረቁን ድንጋይ እየላሰ ከወጣ እየሞላ ነው።

ከልጆች ጋር ስትሆኚ ከሙላቱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ ግቢ፣ ሙላቱ ላይ ተመለሺ። ጉድለቱ ከቀደመሽ ግን ካያኩን እጎትታለሁ ብለሽ አትውረጂ፤ ያ ጭቃ እግር ይይዛል።